ቁልሉ እኔ ፊት ይሁን

ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ። እኔ ኮሌታውን አያይዤ ለአክስቴ አቀብላለሁ፤ እሷ እጅጌውን ትገጥምና ቁልፍ ወደሚተከልበት ታሳልፋለች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። መርፌ ያስያዘችኝም፣ ፋብሪካ ያስገባችኝም እሷው።

እሱ አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ መጣ። በስፌት መኪኖቻችን መሀል ሲያልፍ አየሁት፤ ሸሚዙ አርጅቶ ኮሌታው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«ወንድሜ፣ አውልቀው» አልኩት።

«እዚህ ሰው ፊት?»

«ምን አለህና ነው የምትደብቀው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጃኬቱን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሰፍቼ ወረወርኩለት።

«እንዴ! አለቀ?»

«ልትከርምበት ነበር?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። አብረን እንሄዳለን እንጂ ብዙ አናወራም። እሱ ሲያየኝ እኔ መሬት አያለሁ፤ እኔ ሳየው እሱ ሰማይ ያያል። አንድ ቀን መርፌ የበሳውን ጣቴን ያዘ፤ አላስለቀቅኩትም።

ሥራውን ስጠይቀው፣ «ምርቱ ለምን እንደሚዘገይ ፈልግ ተብያለሁ» አለኝ። «አንድ ቦታ ላይ ማነቆ አለ። ሸሚዝ የሚቆለለው ማን ፊት እንደሆነ አይቼ እጽፋለሁ።»

«ያ ሰውስ ምን ይሆናል?»

ሰማዩን አየ። መባረር እንደሆነ ገባኝ።

የአክስቴ ዓይን ደክሟል። ክር በተበጠሰባት ቁጥር የመርፌውን ቀዳዳ ስትፈልግ ሸሚዙ ፊቷ ይቆለላል። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ ወንበር ከተነሳች ማን ያስቀምጣታል?

በማግስቱ እጄን ያዝ አደረግሁ። ለእሷ የሚበቃትን ያህል ብቻ አቀብላለሁ። ቁልሉ ከእሷ ፊት ጠፍቶ እኔ ፊት ቆመ። እሱ ሰዓቱን ይዞ መጣ። ቁልሉን አየ፤ እጄን አየ። ቀና አላልኩም።

ማታ በር ላይ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራዬን።»

«እጅሽን አውቀዋለሁ። የእኔን ኮሌታ እንደ ዛሬው ብትሰፊው ኖሮ ብርድ ይገድለኝ ነበር።»

አልሳቅኩም። «ያየኸውን ጻፍ።»

«ለአክስትሽ ክር የሚያስገባላት ሰው ይጨመርላት ብዬ አለቆቹን ለምኜ ነበር። ‘ፋብሪካ ነው ወይስ መጦሪያ?’ አሉኝ። አሁን አንቺን ብጽፍ ትባረሪያለሽ፤ ወንበርሽ ላይ ፈጣን ሴት ትቀመጥና ቁልሉ ተመልሶ አክስትሽ ፊት ይሆናል። ማነቆው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ስሚኝ!»

«እሷን ጽፈህ እኔን አገኛለሁ እንዳትል።»

ግትር ነኝ፤ ስወለድም በእግሬ ነው የመጣሁት ይላሉ። አልሰማሁትም። ጻፈኝ፤ ተባረርኩ። እሱንም መንገድ ቀይሬ ሸሸሁት።

ወሩ ሳያልቅ አክስቴ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት መጣች። መቀሷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። 

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው።

«እሷንም አንተ ነህ የጻፍካት?»

«እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ መጣሁ።»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

«ማነው?» አለች አክስቴ ከውስጥ።

«ማንም።»

«ማንምማ በር ላይ ቆሞ እንደዚህ አይተነፍስም። ክፈቺለት።»

«ሞቼ ነው የምከፍትለት!»

«አንቺ ግትር፣ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዞር አልኩ። ወንበሯ ላይ እንደ ተቀመጠች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራለች።

«ያንቺ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገና ከአራስ ቤት የወጣች ናት። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እሷም እጇን ያዝ ማድረግ ጀመረች። መኪናዋን ሰማሁት። ለእኔ ብላ ትባረር? ያንቺንም ሰምቼው ነበር እኮ፣ ልጄ። ያስተማርኩት እጅ ሲዘገይ አይጠፋኝም። ወንበሬን እንዳላጣ ፈራሁና ዝም አልኩ። ሁለተኛ ግን እንዴት ዝም ልበል?»

 ሳለቅስ እንዳታየኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ለካ ከዚያ ርቀት ፊቴን ማየት ካቆመች ቆይታለች።

በሩን ከፈትኩት። እዚያው ቆሟል።

«ሥራውን ለቀቅኩ» አለ።

«እሰይ!» አለች አክስቴ። «አሁን ሦስት ሥራ ፈት ሆንን።»

ማንም አልሳቀም። ዓይኑን አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ሰማይ አላየም፣ እኔም መሬት አላየሁም። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ግባ፤ ብርድ አታስገባብን» አልኩት።

ገባ። አክስቴ በእጇ ዳብሳ ከአጠገቧ ወንበር ሳበችለት።