እጅጉ ለሽባባው ብቻ የተጫወተበት ሌሊት

ጠጋ በሉ። ጠጋ በሉ እንጂ፣ አውድማው ሰፊ ነው ብላችሁ እንደ ፍየል አትበተኑ። እህሉን የምንጠብቀው ተሰብስበን ነው። አንተ ሞላልኝ፣ "ብቻዬን ቤት ደርሼ ጋቢ ላምጣ" ያልከው፣ ቁጭ በል። ጋቢ ነው የናፈቀህ ወይስ ሙሽራዋ? ካገባህ ገና ሁለት ሳምንትህ፤ እናውቅሃለን። ብርዱ አይገድልህም። የሚገድለውን እኔ ልንገርህ።

ጊዜው ዱሮ ነው። ስንት ዓመት? እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ፤ አያቴም ሲነግረኝ "ዱሮ" ብሎ ነው የነገረኝ። አገሩንም አልናገርም። የሰውየው ዘመዶች ዛሬም አሉ፣ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ሰዓቱ ግን ይታወቃል። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ጨረቃ የለችም። አንዲት ቀጭን መንገድ ናት። ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል የፈረሰ የድንጋይ ካብ። በዚያች መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ለምን ብቻውን? ቆይ፣ ይመጣል።

ሰውየው ሽባባው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጥንድ በሬ ነበረው፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ደህና ሚስት ነበረችው፣ አንድ ፍቅርም ነበረበት። የምን ፍቅር? የአዝማሪ ፍቅር! በዚያ ዘመን እጅጉ የሚባል መሰንቆ መቺ ነበር። እጅጉ መሰንቆውን ሲገዘግዘው የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ሽማግሌ ያለቅሳል። ሽባባው ታዲያ እጅጉ ያለበትን ሰርግ ከሰማ ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል። ተጠርቷል? አልተጠራም። ግን ማንም ሳይቀድመው እጅጉ ጉልበት ስር ይቀመጣል። "እንደኔ እጅጉን የሚወድ ካለ ይምጣ!" ይላል ደረቱን እየደቃ።

ይወደው ነበር፣ አልዋሽም። ችግሩ አወዳደዱ ላይ ነው። እንደምታውቁት አዝማሪ ሲጫወት አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ከሰጠው፣ ያን ግጥም ተቀብሎ መዝፈን አለበት። ሥራው ነው፣ እምቢ አይልም። እንግዲህ እጅጉ አንጀት የሚበላ ዜማ ያነሳል። ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ይሄኔ ሽባባው፦

"ተቀበል!"

"እሺ ጌታዬ" ይላል ምስኪኑ እጅጉ።

"ሽባባው ሲመጣ ይሸበራል ዱሩ፣
የሁለቱ በሬ ቀንዳቸው ማማሩ!"

ይሄ ግጥም ነው? እስቲ ፍረዱ፣ ግጥም ነው? ግን እጅጉ ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ሽባባው እንባውን ይጠርጋል። "አቤት እጅጉ! ምን ዓይነት ድምፅ ነው እግዜር የሰጠህ!" ይላል።

እጅጉ ደግሞ አንዲት የራሱ ዘፈን ነበረችው። የሰው ሰርግ ሲያደምቅ ሚስቱ በምጥ ሞታበት ነበር፤ ለሷ ያወጣት ዘፈን ናት። ጀምሯት እንጂ ጨርሷት አያውቅም። ለምን? ሽባባው አለ ብያችኋለሁ እኮ! አንድ ዓመት? ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ሽባባው በሬ ሲዘፍን ኖሮ፣ የራሱን ዘፈን በሆዱ እንደያዘ እጅጉ ሞተ።

ቀብሩ ላይ እንደ ሽባባው ያለቀሰ የለም። አልቃሾቹን ገፍቶ መሐል ገባና አወረደው፦

"እጅጉ ተቀብሮ እኔ አልኩኝ እዬዬ፣
ከንግዲህ በማን አፍ ይወደስ በሬዬ!"

የሟች እህት ቀና ብላ አየችው፣ መልሳ አቀረቀረች። እሱ ግን "አንድ ቀን እንኳን ሰው በሌለበት፣ ለኔ ለብቻዬ ሳይጫወትልኝ!" እያለ ደረቱን ሲደቃ ዋለ። አያችሁ፣ ሰው የሚመኘውን አያውቅም። ሰሚ ደግሞ አይጠፋም።

ዓመት አለፈ። ሽባባው አንድ ሰርግ ሄደ። አዲስ አዝማሪ መጥቷል። ሽባባው "ተቀበል!" ብሎ የበሬውን ግጥም ቢሰጠው፣ አዝማሪው ሳቀ! ሰርገኛውም ሳቀ። ሽባባው ዱላውን አነሳ። "እጅጉ ከሞተ ወዲህ አዝማሪ የለም!" ብሎ ወጣ። "ኧረ ሳይነጋ ብቻህን አትሂድ" ቢሉት ማን ሊሰማ። ይኸው ነው፣ ብቻውን የሆነው።

ካቡ ጋ ሲደርስ መሰንቆ ሰማ። ከሰርጉ ቤት ነው አለ። ግን የሰርጉ ቤት ከኋላው ነው፣ ድምፁ ከፊቱ። ቆመ። ድምፁ አልቆመም። ጥቂት ራመድ ሲል ካቡ ላይ አንድ እጅ አየ። እጅ ብቻ! እጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ከእጁ ስር ጉልበት መጣ። ጉልበቱ ላይ መሰንቆ አለ። መሰንቆው ጭራ የለውም፣ ተበጥሷል። ድምፁ ግን አለ። ከዚያ በኋላ ነው ፊቱ የመጣው።

"ሽባባው" አለ እጅጉ። "ጌታዬ" አላለም። ጌታዬ ማለቱን እዚያው መቃብር ጥሎት መጥቷል።

ሽባባው ፈራ? የለም፣ ደስ አለው! መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ፈለገ። ሙት ወዳጁ ለሱ ብቻ ሊጫወትለት፣ ያየ የለም! እርር አለ።

"በሞቴ ቁጭ በል" አለው እጅጉ።

ሟች በሞቴ ሲልህ እምቢ ትላለህ? ተቀመጠ።

"ዘፈኔን እስከ መጨረሻዋ ስንኝ ዝም ብለህ ከሰማኸኝ፣ እኔም አርፋለሁ፣ አንተም በደህና ወደ ማንጠግቦሽ ትገባለህ። ካቋረጥከኝ ግን የቀረችውን አንተ ትጨርሳታለህ። እስክትጨርሳት ዕረፍት የለህም።"

"ኧረ እጅጉ! እኔ ድሮስ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?" አለ ሽባባው።

ጀመረ።

"የሰው ሰርግ ሳደምቅ ቤቴ ጨለመብኝ፣
ለሰው ስስቅ ውዬ እንባዬ ቀረብኝ..."

ያን ጊዜ ሽባባው አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው፣ በሬውን ረስቶ። ማንጠግቦሽ ብቻዋን እንደተኛች ትዝ አለው፣ "ቤት ገብቼ እግሯን አጥባለሁ" ብሎ ማለ። ዘፈኑ ቀጠለ። አፉን ሲበላው ነጠላውን ጎረሰ። እንደገና ሲበላው ሁለት እጁን ጫነበት። ሊነጋ ሆነ። የመጨረሻዋ ግጥም ደረሰች። ስንኞቿ ሁለት ናቸው፤ እጅጉ የመጀመሪያዋን ዘፈናት። ከዚያ ትንፋሽ ሊወስድ ዝም አለ። አንዲት ትንፋሽ!

ለሽባባው በዚያች ትንፋሽ ስንኝ መጣለት። ደግሞ ጥሩ ስንኝ! በሬ የሌለባት! በዕድሜው አንዴ የመጣችለት ጥሩ ስንኝ! "ይቺንስ ሳልሰጠው ብቀር እሱ ራሱ ይቀየመኛል" አለ በልቡ። ነጠላውን ተፋ።

"ተቀበል!"

መሰንቆው ቀጥ አለ። እጅጉ አልተቆጣም። የሚያስፈራው እሱ ነው፣ አልተቆጣም። ተነስቶ መሰንቆውን ሽባባው ጭን ላይ አኖረለት። "እሺ፣ ስጠኝ" አለ። ሽባባው አፉን ከፈተ። ስንኟ የለችም! ከምላሱ ላይ ጠፍታለች። ቀና ሲል እጅጉም የለም።

ጠዋት ቤቱ ገባ። "የት አድረህ ነው?" አለችው ማንጠግቦሽ። የእጅጉን ዘፈን ከመጀመሪያዋ ስንኝ ጀምሮ ዘፈነላት። "ሽባባው፣ ምን ሆነሃል?" ዘፈነ። የመጨረሻዋ ስንኝ ጋ ሲደርስ አፉን እንደከፈተ ይቆማል፤ ዓይኑ ይለምናል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። እህል የለ፣ ውሃ የለ፣ እንቅልፍ የለ።

መንደሩ ተሰበሰበ። ማንጠግቦሽ እግራቸው ላይ ወደቀች። "በማርያም ዝም በሉለት! እጅጉ ከመጣም መጥቶ ይጨርስለት፣ እሱም ከሆነለት ያስታውሳት! ባሌን አታሳጡኝ!" ዝም ያሉ ይመስላችኋል? ሽባባው እዚያች ስንኝ ላይ ደርሶ ዝም ሲል፣ ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ "ተቀበል!" ይላል። አንዱ "ሽሮዋን ጥዳ ነው እሳቱ ጠፋባት" ይላል። ሌላው "እናቷ ቤት ሄዳ ዝናብ ዘነበባት" ይላል። ሽባባው ሁሉንም ተቀብሎ ይዘፍናል፣ አይሆንም፣ እንደገና ይጀምራል። ሦስት ቀን ሙሉ "የኔ ይሻላል"፣ "የለም የኔ" ሲባባሉ፣ ማንጠግቦሽ ጥግ ላይ ሆና ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። በሦስተኛው ማታ ሽባባው ድምፁ እንደ ተቀደደ ወንፊት ሆነ። ተነስቶ ወጣ። በዚያች በካቡ መንገድ ሄደ፣ አልተመለሰም። እሷም "ይጨርስ ተዉት፣ ዝም በሉለት" እንዳለች አረጀች።

ስለዚህ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ የሌላውን አፍ ይይዛል። ብቻህን ስትሆን አፍህን ማን ይይዝልሃል? ያ ዘፈን የሚመጣው በየትኛው መንገድ እንደሆነ አይታወቅም፤ ስንኝ የሚሰጠውን እየፈለገ ይዞራል። ስንኝ የሰጠውም ሰው እንደ ሽባባው ዘፈኑን ተከትሎ ይሄዳል። የሚቆምባት ስንኝ ይቺ ናት፣ ሰምታችሁ ዝም በሉ፦

"ሌሊቱን ገስግሼ ስጠራት ስጠራት..."

ይኸው! ሁላችሁም ከንፈራችሁ ተንቀሳቀሰ! ተዉ ብያለሁ! ሞላልኝ፣ አንተ... ምን አልክ? "ተቀበል" አልክ? በኔ ላይ ነው የምትቀልደው?

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ከመካከላችን "እሺ፣ ስጠኝ" ያለው ማነው?