ልጆቹን አባታቸው ይያዝ

«ነይ፣ ነይ የኔ ቆንጆ! ልጆቹን አባታቸው ይያዝ... አንቺ ነይና ብዪ!»

ዳልቫ ከአጥሩ ወዲህ ቀጥ ብላ ቀረች። ድምፁ የጄኒቫል ነው። የዚያ ዓይን አፋር ወንደላጤ ጎረቤቷ! ሦስት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደሩ፣ ዶና ዳልቫ» ከማለት ያላለፈው!

«ባለትዳር!» አለች ለራሷ። «ያውም የልጆች እናት!»

ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፎርታሌዛ ከተማ ያለችው እህቷ «ነይና አብረን እንኑር» እያለች ስትወተውታት፣ ዳልቫ ዛሬ ነገ ስትል የከረመችው ጄኒቫል አንዲት ቃል ቢተነፍስ ብላ ነበር። እሱ ከጓሮው የካሹ ዛፍ ፍሬ የሠራውን ማርመላታ በሰሃን ይልካል፤ የላላውን የመስኮቷን ማጠፊያ ይጠግናል... ቃል ግን የለም። ትናንት ተስፋ ቆርጣ የአውቶቡስ ቲኬት ገዛች፤ መሄዷንም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ቀስ ብለሽ ብዪ እንጂ! ባልሽ እንደሆነ ታጋሽ ነው» አለ ጄኒቫል ከማዶ። ሳቀም።

ደሟ ፈላ! የልብስ ማጠቢያ ባልዲዋን ደፍታ ቆመችበትና በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አያፍሩም እንዴ እርስዎ! ባሏ ልጆቹን ታቅፎ እያየ?»

ጄኒቫል ደነገጠ፤ ሙዙ ከእጁ ወደቀ። ጭብጥ የማትሞላ ጦጣ፣ የሰፈሩ ሰው ሶይም የሚላት፣ በካሹው ዛፍ ላይ ሽቅብ ተፈተለከች። ከፍ ብሎ ባልየው ቁጭ ብሏል። ከጆሮው ግራና ቀኝ እንደ ጥጥ የተንጨባረረ ነጭ ፀጉር... ጀርባው ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያካክሉ መንታ ልጆች ተለጥፈዋል።

«ከተወለዱ አራት ቀናቸው ነው» አለ ጄኒቫል እየተንተባተበ። «እናትየው ለማጥባት ካልሆነ አትይዛቸውም። ተሸካሚው እሱ ነው፤ ዘራቸው እንዲህ ነው።»

አንደኛው ቀና ብሎ በዚያች ሽንብራ በምታህል ፊቱ ዳልቫን አያት። አንጀቷን በላው! ወዲያው ግን ንዴቷ ተመልሶ መጣ፤ «እርስዎ» ማለቱም ሳታውቀው ጠፋባት።

«የኔ ቆንጆ! ለጦጣ ሲሆን ምላስህ እንዲህ ይፈታል? እኔ ምን አጥፍቼ ነው ሦስት ዓመት ‹እንደምን አደሩ› የምባለው? ሰው በማርመላታ ይታጫል?»

«እሷ እኮ...» አለ ጄኒቫል መሬት መሬት እያየ። «እሷ እምቢ ብትለኝ አልሞትም።»

ዳልቫ አጥሩን ያዝ አደረገች። ባልዲው ከሥሯ ተንገዳገደ። ከአደባባዩ የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«እኔስ መቼ እምቢ አልኩህ?»

«ጠይቄሽ አላውቅማ።»

«እና ምን ትጠብቃለህ?!»

ባርኔጣውን አወለቀ። «አትሂጂ፣ የኔ ቆንጆ... አግቢኝ።»

«እሺ!» ብላ ጮኸችበት፣ እንባዋ እየወረደ። «እሺ አልኩ! ይኸው!»

አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ ሄደ። ጄኒቫል እጇን በአጥሩ ላይ ጥብቅ አድርጎ እንደያዘ ድንገት ትዝ አለው።

«እህትሽስ? መናኸሪያ ወጥታ ትጠብቅሽ የለ?»

«እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ» አለች ዳልቫ። «እሷ አንድ ከሰዓት ብትጠብቅ ምን ትሆናለች?»