የጣሀ ቆሽትና የሐጂ ሱሌማን ልጅ

ጣሀ የኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ቁጥብ፣ ዓይን አፋር። በረመዷን አንድ ቀን ዕቃ ሊገዛ ደሴ ወጥቶ፣ ሰኞ ገበያ ከሐጂ ሱሌማን ልብስ መደብር በር ላይ ድንገት ተንገዳገደ። ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ቤተሰቦቿን አንድ በአንድ ጠየቃት።

«በረመዷን፣ በጠራራ ፀሐይ ሰክሮ» አሉ ሐጂ።

ልጃቸው ኡሙሰልማ ግን ነርስ ናት። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ የመጠጥ ሽታ የለም። ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠራ። መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነበር፤ ቀጥሎ ብርጭቆውን።

«ጾሜን አስገደፍሽኝ» አላት በቀስታ።

«የታመመ ሰው አይገደድም። አብሽር።»

«አሻንጉሊቷን ምን አልኳት?»

«የእናቷን ጤና ጠየቅሃት።»

«እሷስ?»

«አልመለሰችልህም። ኮርታለች።»

በእሷ ጉትጎታ ተመረመረ። ዶክተር ስማቸው ውጤቱን አስረዱት። ቆሽቱ ላይ ሽምብራ የምታህል ዕጢ በቅላ፣ ያለ ልክ ኢንሱሊን እየረጨች ስኳሩን ታወርድበታለች፤ ሲወርድ ነው እንደ ሰካራም የሚያደርገው።

«ዋናው መፍትሔ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው» አሉት። «እስከዚያው ኢንሱሊኑን የሚገታ ክኒን አለ፤ ቶሎ ቶሎ መብላትም ይረዳል።»

ጣሀ ቢላ ይፈራል። ክኒኑን መረጠ። ኪሱን በብስኩት ሞልቶ፣ ምክር ፈልጌ ነው እያለ በየሳምንቱ ወደ ኡሙሰልማ ይመላለስ ጀመር። ምክሩ አምስት ደቂቃ፣ ዝምታው አንድ ሰዓት። ኡሙሰልማ ዝምታውን ወደደችው።

ሐጂ ግን መመላለሱን አይተው «ለሰካራም ልጄን አልሰጥም» አሉ። በሽታ ነው ሲባሉ፣ «ስካርም በሽታ ነው» ብለው ቆረጡ።

በሦስተኛው ወር ክኒኑ እግሩን አሳበጠው፤ ግንባሩና የእጁ ጀርባ ላይም ፀጉር አበቀለበት።

«ፀጉርህ ከቅንድብህ ጋር ሊጨባበጥ ነው» አለችው ሳቋን እየታገለች።

«አስጠላሁሽ?»

ሳቋ ጠፋ።

«አላስጠላኸኝም። ግን አንድ ቀን በተኛህበት ስኳርህ ወርዶ ሳትነቃ ብትቀርስ? ብስኩት ይዤ ዕድሜ ልኬን ልጠብቅህ እችላለሁ። አንተ ከሌለህ ግን ማንን እጠብቃለሁ?»

በማግስቱ ለቀዶ ሕክምናው እሺ አለ።

አዲስ አበባ ሄዶ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ኡሙሰልማ ልትከተለው ተነሳች። ሐጂ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው አብረዋት ተሳፈሩ። ሲቆጧት የመጡት ሰውዬ፣ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ቆዩ።

ጣሀ ከማደንዘዣው ሲነቃ ዓይኑ ኡሙሰልማ ላይ አረፈ።

«ኡሙ፣ እወድሻለሁ። አግቢኝ» አለ፣ ሐጂ ራስጌው እንደቆሙ ሳያይ።

ሐጂ ወደ ተረኛዋ ነርስ ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ ስኳሩን ለኪልኝ።»

ጣቱን ወግታ አነበበች። «መቶ አርባ። አልወረደም።»

ሐጂ ወደ ጣሀ ዞሩ።

«እንግዲያው አውቆ ነው የሚናገረው» አሉ። «ቁስልህ ሲድን ሽማግሌ ላክ።»

ኡሙሰልማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በለቅሶ አባቷም አላወቁ፣ እሷም።