ሊጡና የጓሮው በር

«ዛሬም ኩፍ አላለም! አላልኩህም?» አለች የልጅቱ አክስት፣ የሊጡን ገበታ ወደ ጋጋሪው ወንድሟ እየገፋች። «ልጅህ ገደ ቢስ ናት። ከነገ ጀምሮ ቤት ትዋል።»

አባትየው ከሰል አንሥቶ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ዕለቷን ሰረዘ፤ ዳቦው በከሸፈ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል። ሰረዙ ልጅቱን ከስድቡ ይልቅ ወጋት። ተራዋ በሚሆንባቸው ጠዋቶች፣ ከትምህርት ቤት በፊት ሊጥ የምታድቦለብልባትን ያቺን ሰዓት የሚያህል የምትወደው ነገር አልነበራትም።

በሂሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረጉ። «አንዱ ነገር መከሰቱን ማወቃችሁ የሌላውን ዕድል ከለወጠው፣ ሁለቱ ጥገኛ ክስተቶች ናቸው። ካልለወጠው አይተዋወቁም። ሐሜተኛ ግን የገጠመለትን ብቻ ይቆጥራል፤ ያልገጠመውን ማን ይቁጠርለት?»

«አቦ፣ ቲቸር አክስትሽን ያውቋታል እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ በሹክሹክታ።

ልጅቱ አልሳቀችም። ወደ ዳቦ ቤቱ እንደተመለሰች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ከቀን መቁጠሪያው ፊት ቆመች። ስሟ በተጻፈባቸው፣ እሷ በገባችባቸው ጠዋቶች ከአራት አንዱ ከሽፏል። ያልገባችባቸውን ፈራ ተባ እያለች ቆጠረች፤ እዚያም ከአራት አንዱ። ደግማ ቆጠረች። ያው ነው። ለሳምንታት ተሸክማው የኖረችው ሸክም ከትከሻዋ ላይ እንደ ዱቄት ከረጢት ወረደ።

ታዲያ ሊጡ የሚተዋወቀው ከማን ጋር ነው? አባቷ የዱቄት መኪና የሚመጣባቸውን ቀናት በከሰል ይከብባል። ከተከበቡት ከአራት ሦስቱ ተሰርዘዋል። መኪናው ሲመጣ የጓሮውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ነፋሱን በሊጡ ላይ ለቅቃ ከረጢት የምትቆጥረው አክስቷ ናት።

«ገደ ቢሷ ማን ኖሯል?» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ።

«አባዬ፣» አለች በምትኩ፣ «እኔ በሌለሁበትም ያው ነው። ቁጠረው።»

አባቷ ጣቱን በሰረዞቹ ላይ እያስኬደ ቆጠረ። ፊቱ ፈካ። «ነገ በተራሽ ትገቢያለሽ» አለ።

«ሂሳብ ሊጥ ኩፍ ሲያደርግ እናያለን!» አለች ስታዳምጥ የቆየችው አክስቷ።

በማግስቱ ጠዋት የመኪናው ጥሩንባ ተሰማ። አክስቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ልጅቱ ሊጡን በወፍራም ጨርቅ ሸፈነችና ወደ በሩ ሄደች።

«አክስቴ፣ ሊጡ ብርድ አይወድም» አለች ቀስ ብላ።

አክስቷ በሩን አየች፤ ሊጡን አየች።  ከዚያም ከረጢቶቹን ደጅ ልትቆጥር ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ልጅቱ ትናንት ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ቃል ዋጠችው። እጇን ዱቄት አስነክታ ማድቦልቦል ጀመረች።