ሙሉ ክብደት

ቁም ሣጥን የሚሉት ልጅ ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። በጁጂትሱ ይህ ማለት «በቃኝ፣ ተሸንፌያለሁ» ማለት ነው፤ ምቱን የሰማ ተጋጣሚ ወዲያው መልቀቅ አለበት። መርፌም ለቀቀችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ በፉጨት የሁሉንም ጆሮ በጠሰ። አሰልጣኙ ሰዓቱን አቁመው ፈገግ አሉ። እሳቸው ፈገግ ሲሉ ማየት ደግሞ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

እሷ ግን የምታየው እጇን ነበር።

ሰውን በገዛ ኮሌታው ለማነቅ ቀኝ እጅ ወደ ውስጥ ጠልቆ መግባት፣ አውራ ጣትም ጆሮ ሥር መድረስ አለበት። የመርፌ አውራ ጣት ገና ደረቱ ላይ ነበር። የያዘችው ጨርቅ እንጂ አንገት አልነበረም። ጠለቅ ላድርገው ስትል ነው እሱ ቀድሞ ምንጣፉን የመታው። አሰልጣኙ ከወዲያ በኩል ስለቆሙ ይህን አላዩም። የቁም ሣጥን ጀርባ መሃል ከገባ እንኳን የእጅ አያያዝ፣ አውቶቡስም አይታይም።

ሁለቱም ስሞች በአዳራሹ የወጡ ናቸው። እሷ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ቀጭንና አጭር ስለሆነች መርፌ አሏት፣ እሷም ወደደችው። እሱ ለምን ቁም ሣጥን እንደተባለ ያየው ሰው አይጠይቅም። ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ናቸው፤ ከጎሚስታው ጀርባ ወዳለው ወደዚህ አዳራሽም መጀመሪያ ይዛው የመጣችው እሷ ናት።

በአዳራሹ ደንብ ለቀበቶ የሚፈተን ሰው ተጋጣሚውን ራሱ ይመርጣል፤ ግን ከራሱ የሚከብድ መሆን አለበት። ለመርፌ ይህ ደንብ ቀልድ ነው። ከእሷ የማይከብድ ሰው እዚያ የለም፤ ጥግ ላይ የተሰቀለው የአሸዋ ከረጢት ራሱ ይበልጣታል። ቢሆንም ከሁሉም የሚከብደውን መረጠች። ከእሷ በኋላ የመጡ ወንዶች ሰማያዊ ቀበቶ ሲያስሩ እሷ ነጩን እንደታጠቀች ስታጨበጭብ ከርማለች። ለምን ብላ ስትጠይቅም አሰልጣኙ አይሸፋፍኑም፤ ጥበቡ እንዳላት፣ ጥበቡ ግን ትልቅ ሰው ላይ ሲሠራ ማየት እንደሚፈልጉ ደጋግመው ነግረዋታል። ዛሬ አዩ። ወይም ያዩ መሰላቸው። ሰማያዊው ቀበቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ወላጆች ባሉበት ይታሰርላታል።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ሱሪ ሊያስቆርጡ ለመጡት ሰውዬ ልጇ ያንን ግዙፍ እንዴት አድርጋ እንዳሸነፈችው በእጇ እያሳየች ትተርክ ነበር። አያያዙን ሁሉ ተሳስታዋለች። መርፌ አላረማትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብትል ማን ያውቃል? እሷና እሱ ብቻ። እራቷን ግን ሳትጨርስ ተነሣች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቁም ሣጥንን ከጎሚስታው ደጅ የተከመሩት ጎማዎች ላይ አስቀመጠችው።

«አንገትህን አልያዝኩትም ነበር» አለችው።

«ይዘሽኛል እንጂ።»

«አትሸውደኝ። እጄን አውቀዋለሁ።»

የጎማውን ጥርስ በጥፍሩ ይቆፍር ጀመር። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ ትልቅ ነው።

«ከዚያ ልጅ ወዲህ ነው» አለ በመጨረሻ።

ያ ልጅ ማን እንደሆነ መርፌ ታውቃለች። በዓመቱ መጀመሪያ የመጣ አዲስ ተማሪ ነበር፤ ቁም ሣጥን ሲወድቅበት የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ጥፋቱ ያንተ ነው ያለው ሰው የለም፤ ልጁ ግን ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥን ከሥሩ ባለ ሰው ላይ ክብደቱን አሳርፎ አያውቅም። በጉልበቱና በክርኑ ራሱን ደግፎ እንደ ጠረጴዛ ይቆማል። ሰው ሲገፋው ይገፋል፣ ሲያዞረው ይዞራል። አሰልጣኙ «ሰነፍ» ሲሉት ዋጥ ያደርገዋል። እሱም እስካሁን በነጭ ቀበቶው ነው።

«ስለዚህ ከሥርህ ያመለጥኩባቸው ቀኖች ሁሉ...»

«ሁሉም አይደሉም» አለ፤ የትኞቹ እንዳልሆኑ ግን አልነገራትም።

መርፌ እንባዋ መጣ። የንዴት እንባ ስለነበረ አልደበቀችውም። ይህን ያህል ጊዜ ጥበብ አለኝ ስትል የነበረው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ታያት። በእሱም ተናደደች፣ በራሷም ተናደደች፣ ፉጨቱ ትዝ ሲላት ደግሞ አፈረች።

«አዘንክልኝ።»

«አላዘንኩልሽም። ፈራሁ» አለ። «ብሰብርሽስ? ለእናትሽ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

ተነሥታ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። እንዳኮረፈችው ብትቀር ቅዳሜ ቀበቶው ይታሰርላታል፤ ታስሮም ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል አታውቅም። ከሁሉም የከበዳት ይህ አለማወቅ ነው።

«ነገ ምንጣፍ የማጽዳት ተራው የማነው?» አለች።

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሁለት ሆኖ ምንጣፉን መወልወል የሁሉም ግዴታ ነው፤ የሁሉም ጥላቻም ነው። የሳምንቱ ባለተራዎች እነመርፌ እንተካችሁ ሲሏቸው፣ ሁለቱ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ብለው ነው መሰል እየሮጡ ሄዱ። በማግስቱ ሁለቱ ምንጣፉን ወልውለው፣ ሳሙናው እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቀሩ።

መርፌ በጀርባዋ ተኛች። እሱ ከጎን መጥቶ ደረቷ ላይ ተጋደመ፤ እንደልማዱ በጉልበቱ ተደግፎ።

«ጉልበትህን አንሣ» አለችው።

አነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መርፌ በደንብ አታስታውስም፤ ትንፋሿ የት እንደገባ ግን እስካሁን ይገርማታል። የጎድን አጥንቷ ተጣብቆ አንድ የሆነ መሰላት። እንደለመደችው ሁለት እጇን ዘርግታ ደረቱን ገፋች፤ እጆቿ ታጠፉ። ምንጣፉን መታች። ቁም ሣጥን እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሣና ተሰብረሽ እንደሆነ ንገሪኝ እያለ ይዞራት ጀመር።

«አልተሰበርኩም» አለች፤ መናገር እስክትችል ትንሽ ቆይታ። «እንደገና።»

እንደገናም መታች፤ ከዚያም እንደገና። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በየቪዲዮው አይታ ያጠናችው፣ በእሱ ላይ ሲሠራላት የኖረው ዘዴ ሁሉ አንድ በአንድ ከዳት። ከዘዴዎቹ ግማሾቹ የተሠሩት ለጠረጴዛ ነበር። ማታ ማታ ጎኗን ይዛ ትተኛለች፤ ጠዋት ሰውነቷ የሰው ይመስላታል። አንድ ጊዜማ ይቅርብኝ ብላ ነበር። ነጩ ቀበቶ ምን አደረገኝ፣ ሰማያዊውስ ቢታሰር ማን ይሞታል ብላ ነበር። ግን ሰዓቱ ሲደርስ መወልወያውን የምታነሣው እሷ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን መግፋቱን ተወችው። ያ ሁሉ ሥጋ በእሷ ክንድ አይገፋም፤ ስለዚህ እሱን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ራሷን ማንቀሳቀስ ነበረባት። አንዱን ክንዷን አጥፋ አንገቱ ሥር አቆመች፣ ሌላውን ዳሌው ላይ። አልገፋችም፤ አቆመችው ብቻ። ከዚያ ዝም ብላ ተኛችና አንድ ነገር ልብ አለች፦ ቁም ሣጥን ትንፋሹን በሙሉ ሲያስወጣ ሰውነቱ ለአፍታ ይላላል። በዚያች አፍታ ዳሌዋን በጣት ስፋት ያህል አሸሸች። እሱ እስኪተነፍስ ጠበቀች፤ ደግማ አሸሸች። በመጨረሻ ምንጣፉን መታች እንጂ ከሥሩ አልወጣችም። ሆኖም እየሳቀች ተነሣች።

አርብ ግን ጉልበቷ በመሃላቸው ገባ። ከዚያ ወገቧ ዞረ፣ እና ወጣች። አላነቀችውም፣ አልጣለችውም፤ ወጣች ብቻ። ቁም ሣጥን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እሷ የነበረችበትን ቦታ አየ።

«አለቀቅኩሽም» አለ። «በእናቴ፣ አለቀቅኩሽም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ያን ዕለት ማታ እናቷ የአንዲት ደንበኛ ጃኬት ስፌት እየተረተረች ቁጣዋን ለመኪናዋ ትነግር ነበር። ደንበኛዋ ጃኬቱን ስትወስድ ልክክ አለልኝ ብላ አመስግና ነበር። ለካ ብብቷ ሥር ይዟት ኖሮ አንድም ቀን አልለበሰችውም፤ ዛሬ ምስጢሩን ያወጣችው የደንበኛዋ እህት ናት።

«ይሉኝታ ይዟት ነው አሉ» አለች እናቷ። «ብትነግረኝ በአንድ ከሰዓት አስተካክለው ነበር እኮ። እኔ ደግሞ መልካም መስሎኝ በዚያው ልክ ሁለት ሌላ ቆርጫለሁ።»

እናቷ ጃኬቱን አስቀምጣ ነይ ወገብሽን ልለካው አለች፤ ሰማያዊው ቀበቶ መቼም ይረዝምብሻል፣ ነገ እንደታሰረልሽ ወደ ቤት አምጪውና አሳጥረዋለሁ አለች። መርፌ እጇን አነሣች። ሜትሩ ወገቧን ሲዞር ሸሚዟ ከፍ አለና ጎኗ ላይ የጠቆረው ታየ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ክብደት ነው፣ እማ።»

እናቷ አልገባትም፤ ግን ቦታውን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችውና ቁጥሩን ሳታነብ ሜትሩን ጠቀለለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደረሳችው መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ላለችው ሴትዮ ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ አያያዝ በእጇ እያሳየች ነው። አሰልጣኙ የተጣጠፈውን ሰማያዊ ቀበቶ ይዘው መርፌን ጠሩ። ነጩን ልትፈታ ሲጠብቋት ቋጠሮዋን ይዛ ቆመች። ፊቷን ወደ እናቷ ላለማዞር ታገለች።

«ኮች፣ ያን ቀን አላነቅኩትም ነበር» አለች። «እጄ አንገቱ ጋ አልደረሰም። እንደገና ልፈተን።»

አሰልጣኙ መጀመሪያ የሰሙትን አላመኑም፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ቁም ሣጥን አዞሩ። መርፌ የእሱን ነገር ላለማንሣት እየተጠነቀቀች ስህተቱ የእጄ ነው ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቀድሞ ተነሣ። ጆሮው በሐፍረት ቀልቷል።

«ቀድሜ ነው የመታሁት» አለ። «ከሷ ጋ ብቻ አይደለም። ያ ልጅ ከተሰበረ ወዲህ፣ እስከዚህ ሳምንት ድረስ፣ ሰው ላይ ክብደቴን ጥዬ አላውቅም ነበር።»

አሰልጣኙ ተቆጡ። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። እዚህ ምንጣፍ ላይ ሰው አንገቱንም ክንዱንም ለሌላ ሰው የሚሰጠው ያችን ምት አምኖ እንደሆነ፣ ምቷ ከዋሸች ሁሉም ነገር እንደሚዋሽ ተናገሩ። ይህን ሲሉ ሁለቱን ብቻ አይደለም ያዩት፤ ያ ሰፊ ጀርባ ከልሏቸው ሳያዩ ያሳለፏት እሳቸውም ጥፋት እንዳለባቸው የገባቸው ይመስላል፤ ግንባራቸውን አሹ። ከዚያ ወደ መርፌ ዞሩ።

«ዛሬ ልትወድቂ ትችያለሽ።»

«አዎ።»

«ከወደቅሽ የሚቀጥለው ፈተና ሩቅ ነው።»

«ይሁን።»

ሰማያዊውን ቀበቶ ወንበር ላይ አኖሩትና ሰዓቱን አነሡ። መርፌ ያኔ እናቷን አየቻት። የእናቷ እጆች ያንን አያያዝ እንደያዙ አየር ላይ ቀርተዋል። ቀስ ብላ አወረደቻቸው፣ አንገቷ ላይ የቀረውን ሜትር አወጣችና ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሯን ወደ ምንጣፉ አስጠጋች።

መርፌና ቁም ሣጥን ተጨባበጡ። ብዙም ሳይቆይ መርፌ ጀርባዋ ላይ ነበረች፤ ቁም ሣጥን ከጎኗ ተንበርክኮ ተጎንብሷል። ፊቱ ፈርቷል።

«ሙሉውን?» አለ በሹክሹክታ።

«ሙሉውን።»

ጉልበቱን አነሣ። ትንፋሿ ሁሉ ወጣ። መርፌ አንዱን ክንዷን አንገቱ ሥር አቆመች፣ ሌላውን ዳሌው ላይ አደረገች፣ ከዚያም እስኪተነፍስ ጠበቀች።