የኮልባ የመጨረሻ እንግዳ

በሰንደሮስ መንግሥት ፀሐይ በጠራራው ቀን እንደ ፍም ቀላች። በዚያው ዕለት ድርቆ ከዋሻው ወጣ። ድርቆ እሳት ተናፋሽ አውሬ ነው፤ ከውሃ በቀር የሚገድለው የለም። የረገጠው አገር አመድ ሆነ። ወጣቱ ደራንም በንጉሡ ፊት ቆሞ፣ «ይህን አውሬ ሳልጥል ብመለስ የእናቴ ጡት እርም ይሁንብኝ» ሲል ማለ።

ከጓደኛው ከጎምዛ ጋር ጋልቦ አውሬውን ቀድሞ ኮልባ ገባ። አቤት ኮልባ! ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ የድንጋይ ድልድይዋን ማን እንደሠራው የማይታወቅ ጥንታዊት ከተማ ናት። ኮኩና ሮማኑ፣ ትርንጎው ሳይቀር፣ ከየአጥሩ ላይ ዘንበል ብሎ የመንገደኛን ትከሻ ይነካል። ከበላይዋ ታላቅ ግድብ አለ። ድርቆ ወደ መናገሻይቱ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ብቻ ነው። ግድቡ ቢናድ አውሬው ይሰጥማል፤ ኮልባም አብራ ትጠፋለች። ደራን የመጣው ይህን ሊለምን ነበር። ይህስ በየትኛው አፍ ይለመናል?

ድልድዩ ላይ የተቀበሉት የግድቡ ጠባቂ እመት ሶሪት ግን ጉዳዩን እንዲናገር አልፈቀዱለትም። «በኮልባ እንግዳ ከተማውን ሳያይ፣ ከየሰፈሩ ፍሬ ሳይቀምስ ጉዳዩን አይናገርም። ና ልጄ፣ ተከተለኝ» አሉት።

በየዛፉ ሥር ቆሙ። እመት ሶሪት ማን እንደተከለው፣ በጥላው ሥር ማን እንደተዳረ እያወጉ ፍሬ ይቆርጡለታል። ደራን ግን ልቡ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑ ከምሥራቁ ጭስ አልነቀል አለ። የሰጡትን ሁሉ ሳያላምጥ ዋጠው። ጎምዛ፣ «ቀስ በል፣ ሆድህ ውስጥ እንዳይበቅል» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ፤ አልሳቀም።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «እመት ሶሪት፣ አገር እየነደደ እርስዎ ኮክ ያስቀምሱኛል? ግድቡ መናድ አለበት። ሰዉን ያስወጡ።»

«ሰዉማ ወጥቷል» አሉት ረጋ ብለው። «ከገባህ ጀምሮ ከእኔ ሌላ ማንን አየህ?»

ደራን ዙሪያውን ቃኘ። ቤቶቹ ወና ናቸው። ሕዝቡ ከነከብቱ ማዶ ኮረብታው ላይ ሰፍሯል። ያን ሁሉ ሲዞር ይህን አላስተዋለም። በራሱ አፈረ።

«ጭሱን እኛም አይተናል» አሉ እመት ሶሪት። «እኔ የምዞረው ዛፎቹን ልሰናበታቸው ነው። ብቻዬን አንጀቴ አልችል ቢለኝ አንተን አስከተልኩህ።»

«እንግዲያስ ግድቡን እኔ ልናደው። መሐላው የእኔ ነው።»

«የቱን ድንጋይ ትነቅላለህ? ይህ ከእናት ለልጅ የሚነገር ምሥጢር ነው፤ እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም። የነቀለ አይተርፍም፣ አውቃለሁ። አንተ የመጨረሻው እንግዳዬ ነህና ኮልባን ለሚወለዱት ንገርልኝ። ማልልኝ።»

ደራን ማለ። እመት ሶሪትም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ግድቡ ሄዱ፤ ደራንና ጎምዛ ወደ ኮረብታው ወጡ።

ድርቆ ድልድዩን ሲረግጥ ግድቡ ተናደ። ውሃው አውሬውን ከነእሳቱ፣ ከተማዋን ከነዛፎቿ ጠረገ። መንግሥቱ ዳነ። ንጉሡ ለደራን ካባ ደረቡለት።

ዓመታት አለፉ። ደራን መሐላውን አክብሮ በየመከሩ የኮልባ ሰዎች ወደሰፈሩበት ኮረብታ ይወጣል። እናቶቻቸው ሲጠየቁ ስለሚያለቅሱ ልጆቹ የሚጠይቁት እሱን ነው። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን ጉልበቱን ይዛ፣ «ጋሼ ደራን፣ የኮልባ ኮክ ምን ምን ይላል?» አለችው።

ደራን የዚያን ቀን ጭስ ቀለሙን ሳይቀር ያስታውሳል። ኮኩን ግን አላጣጣመውም ነበር።

«ይጣፍጣል» አላት።

ልጅቷም እንዲጨምርላት ቁጭ ብላ ጠበቀችው።