ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የመጣው ስም

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሁሉም ቀድሜ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ባለቤቴ ሰናይት "ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይገዛም፣ ስሙም ለሰው አይነገርም" ስትለኝ አሾፍባት ነበር፣ እመኑኝ፣ አሁን አላሾፍም።

የገላን ኮንዶሚኒየም እድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ከድሮው የእድር ፕሮግራም የወጣ የአባላት መዝገብ፣ የኤክስኤምኤል ፋይል፣ በፍላሽ አመጡልኝ፣ "አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? የአንድ ቤት ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ይታየኝ፣ ሰው ሲሞት ስም ፍለጋ አንንገላታ" አሉኝ። እሑድ ከሰዓት ሥራውን ጀመርኩ። ፋይሉ ላይ በእያንዳንዱ ቤት ሥር "አባል" የሚል ታግ፣ ማለትም የስም መለያ ምልክት፣ በሰዉ ቁጥር ይደጋገማል፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ኮድ የአባወራውን ስም ብቻ ይዞ ሌላውን ጣለው፣ አስተካክዬ ሁሉንም በነጠላ ሰረዝ እያያያዘ አንድ የሠንጠረዥ ሴል ውስጥ እንዲከት አደረግኩት።

ከዚያ የእኛን ቤት አየሁ። የእኔ ስም፣ የሰናይት ስም፣ ቀጥሎ ሶልያና።

ሶልያና በሆዷ ላለችው ልጃችን ያወጣነው ስም ነው፣ ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም፣ የትም አልጻፍኩትም። ዋናውን ፋይል ከፈትኩ፣ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ኮዱን ደግሜ አስኬድኩት፣ አሁንም ሦስት። ከላያችን ያለው ቤት ገና ሰው አልገባበትም፣ ግን ወለሉ ላይ ዳዴ የሚል ሕፃን የመሰለ ነገር ሲሳብ ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የልጄን ስም የቀብር መዝገብ ላይ ማየት ስላልቻልኩ ከሠንጠረዡ ላይ በእጄ አጠፋሁት። የላዩም ድምፅ ቀጥ አለ።

"ስማ" አለችኝ ሰናይት ከመኝታ ቤት፣ "ስትራገጥ ቆይታ ድንገት ዝም አለች እኮ።"

"እስቲ በጎንሽ ተኚ" አልኳት፣ ውሃም ሰጠኋት፣ ጠበቅን፣ ምንም የለም። ተመልሼ ስሟን ጻፍኩት።

"እፎይ፣ ተነቃነቀች" አለች ከወዲያ።

ጋሽ ደምሴ ሲመጡ "አለቀልህ ልጄ?" አሉኝ። "ትንሽ ይቀራል ጋሼ፣ ይታገሱኝ" አልኳቸው። ይኸው መውለጃዋ ተቃርቧል፣ ስሙን እንዳለ እንዳልሰጣቸው የቀብር መዝገብ ነው፣ እንዳላጠፋው ለልጄ ፈራሁ፣ እንቅልፍ የለኝም። ለሰናይት ትንፍሽ አላልኩም፣ እሷ ግን ትናንት ራት እየበላን ቀና ብላ "ስሟን ብንቀይረው ምን ይመስልሃል?" አለችኝ።